«ሙሉ» የሚባለው የዓለም ቴምብር ስብስብ፦ ተረትና እውነታ

ገንዘብና ትዕግሥት ያለው ሰው ዕድሜ ከተሰጠው የዓለምን የፖስታ ቴምብር አንድ በአንድ ሰብስቦ መጨረስ ይችላል የሚለው ግምት፣ ቴምብር ሰብስበው በማያውቁ ሰዎች ዘንድ ብቻ ሳይሆን አልበማቸውን ገና በከፈቱ ጀማሪዎችም ዘንድ የሰፈነ ነው። ግምቱ ሁለት ነገሮችን ሳይመረምር ይቀበላል፤ አንደኛው በዓለም ላይ የወጣው ቴምብር ሁሉ ተቆጥሮ የታወቀ ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የተቆጠረው ሁሉ ዋጋውን ለሚከፍል ሰው ይገኛል የሚል ነው። ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ሆኖም ሁለተኛው በቀላሉ ሲታረም፣ የመጀመሪያው ግን በብዙ ልምድ ባካበቱ ሰብሳቢዎች አእምሮ ውስጥም ሥር ሰዶ ይገኛል።

ሁለተኛውን ለማፍረስ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ትበቃለች። በ1856 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ አሜሪካ በነበረችው የብሪቲሽ ጊያና ቅኝ ግዛት ከለንደን የሚጠበቀው ቴምብር ስለዘገየ፣ ፖስታ ቤቱ በአካባቢው በነበረ የጋዜጣ ማተሚያ ቤት ጊዜያዊ ቴምብር አሳተመ። ከእነዚህ መካከል በደማቅ ሐምራዊ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ከታተመው የ1 ሳንቲም ቴምብር እስከ ዛሬ የታወቀው አንድ ብቻ ሲሆን፣ በ1873 አንድ የ12 ዓመት ልጅ ያገኘው ይህ ቴምብር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሮ በ2014 በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በጫረታ ተሸጧል። እንግዲህ በየትኛውም ዘመን ቢሆን የዓለምን ስብስብ ሊሞላ የሚችለው ቢበዛ አንድ ሰው ነው፤ ያም ሰው በ1855 በስዊድን አረንጓዴ መሆን ሲገባው በስሕተት በቢጫ ቀለም የታተመውን፣ እሱም እንዲሁ አንድ ብቻ የሚታወቀውን የ3 ስኪሊንግ ቴምብር አብሮ መያዝ ይኖርበታል።

ሁለቱን በአንድነት ከያዙት ሰው ታሪክ ብዙ መማር ይቻላል። በፓሪስ የኖሩትና ከወላጆቻቸው እጅግ ብዙ ሀብት የወረሱት ፊሊፕ ፎን ፌራሪ፣ ወደ ሙሉ የዓለም ስብስብ ከማንም በላይ እንደቀረቡ ይነገርላቸዋል። በ1917 ሲሞቱ ስብስባቸውን ለበርሊን የፖስታ ሙዚየም ቢናዘዙም፣ ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለነበር የፈረንሳይ መንግሥት እንደ ጠላት ንብረት ወርሶ ከ1921 ጀምሮ በተከታታይ ጫረታዎች ሸጦ በተነው። ከእርሳቸው ይልቅ ለሙላት ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጠው የእንግሊዛዊው የምክር ቤት አባል የቶማስ ታፕሊንግ ስብስብ ነው። ታፕሊንግ በ1891 ሲሞቱ ለብሪታንያ ሙዚየም ያወረሱት ይህ ስብስብ፣ ዛሬ በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ሳይበተን ተጠብቆ የሚገኝ ሲሆን ከ1840 እስከ 1890 በዓለም የወጡትን ቴምብሮች አብዛኞቹን ይዟል። ይህን ያህል ሊቀራረብ የቻለው በሰብሳቢው ትጋት ብቻ አልነበረም፤ የቴምብር ዓለም ገና የ50 ዓመት ዕድሜ ስለነበረው ጭምር ነው። ከዚያ ወዲህ የወጡት የቴምብር ዓይነቶች በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ቁጥሩም በየዓመቱ ይጨምራል።

ከዚህ ላይ አንባቢ «ካታሎግ አለ አይደለም ወይ? በካታሎግ የተዘረዘረውን ሁሉ የያዘ ሰው ጨርሷል» ብሎ ሊሞግት ይችላል። ካታሎግ የቴምብሮችን ዓይነት፣ የወጡበትን ዓመትና የገበያ ዋጋ በቁጥር አድርጎ የሚዘረዝር መጽሐፍ ነው። በሰፊው የታወቁት የለንደኑ ስታንሊ ጊበንስ፣ የአሜሪካው ስኮት፣ የፈረንሳዩ ኢቬርና ቴልየ፣ እንዲሁም የጀርመኑ ሚኼል ናቸው። ነገር ግን የስታንሊ ጊበንስ ካታሎግ በ1865፣ የስኮት ደግሞ በ1868 ሲጀመሩ የቴምብር ነጋዴዎች የዋጋ ዝርዝር እንጂ የዓለም መንግሥታት መዝገብ አልነበሩም፤ እስከ ዛሬም ቢሆን የትኛው ቴምብር ቁጥር ይሰጠው የሚለውን የሚወስኑት አዘጋጆቹ ናቸው። አራቱ ካታሎጎች የየራሳቸው የቁጥር ሥርዓት ስላላቸው፣ በአንደኛው ሙሉ የሆነ ገጽ በሌላው ክፍተት ሊያሳይ ይችላል።

ልዩነቱ የሚጀምረው «አንድ ዓይነት ቴምብር» ማለት ምን እንደሆነ ከመወሰን ነው። ሥዕሉ፣ ዋጋውና ቀለሙ አንድ የሆነ ቴምብር በጠርዙ ጥርስ፣ ማለትም ቴምብሮቹ በቀላሉ እንዲቀደዱ በሚበሱት ቀዳዳዎች ብዛት ሊለያይ ይችላል፤ ይህም በ2 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ስንት ቀዳዳ እንዳለ በመቁጠር ይለካል። እንደዚሁም ወረቀቱ ለብርሃን ሲያዝ በሚታየው የውሃ ምልክት፣ በቀለሙ ድምቀት ወይም በታተመበት ሰሌዳ ሊለያይ ይችላል። ለጀማሪ የሚዘጋጅ ካታሎግ እነዚህን ልዩነቶች ትቶ ለሁሉም አንድ ዋና ቁጥር ሲሰጥ፣ ለባለሙያ የሚዘጋጀው ደግሞ በዋናው ቁጥር ሥር ንዑስ ቁጥሮችን ይደረድራል። የመጀመሪያው የብሪታንያ ቴምብር፣ በ1840 የወጣው ጥቁሩ የ1 ፔኒ፣ ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ነው። ቴምብሩ በ11 ሰሌዳዎች የታተመ ሲሆን በእያንዳንዱ ሉህ ላይ ያሉት 240 ቴምብሮች በታችኛው ማዕዘኖቻቸው የተለያዩ ሁለት ፊደላት ስላሉባቸው፣ ለአንዱ ሰብሳቢ አንድ ቦታ ብቻ የሚይዘው ቴምብር ለሌላው 2,640 ቦታዎችን ይጠይቃል። ሁለቱም ሲጨርሱ «ሙሉ ነው» ቢሉ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል። በነገራችን ላይ ይህ ቴምብር የመጀመሪያ በመሆኑ ብርቅ ነው የሚባለው ደግሞ ተረት ነው፤ 68 ሚሊዮን ያህል ስለታተመ ዛሬም በገበያ እንደ ልብ ይገኛል፤ ዋጋውን የሚወስነው በይበልጥ የአያያዙ ጥራት ነው።

የካታሎግ አዘጋጆች ፍርድ ጎልቶ የታየው በባሕረ ሰላጤው ኤሚሬቶች ላይ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ከመመሥረቷ በፊትና በዚያው ሰሞን፣ ዓጅማን፣ ፉጀይራ፣ ሻርጃ፣ ራስ አል ኸይማና ኡም አል ቁወይን፣ እንዲሁም በዓጅማን ሥር የነበረችው ትንሿ ማናማ፣ ከውጭ ወኪሎች ጋር ውል ገብተው ስለ ጠፈር ጉዞ፣ ስለ ኦሊምፒክና ስለ አውሮፓ ሥዕሎች ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቴምብሮች አወጡ። አብዛኞቹ ለደብዳቤ ታስበው የታተሙ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ደብዳቤ ላይ ሳይለጠፉ ገና በማተሚያ ቤት የፖስታ ማኅተም ተመትቶባቸው በጅምላ ለሰብሳቢዎች ይሸጡ ነበር። ስታንሊ ጊበንስና ስኮት ከእነዚህ አብዛኞቹን ከዋናው ዝርዝር አስወጥተው በተጨማሪ ክፍል ሲያስቀምጡ ወይም ሲተዉ፣ ሚኼል ግን በስፋት ቁጥር ሰጥቶ መዘገባቸው። በዚህም የተነሣ «የዓለም ስብስብ» የሚለው ቃል በለንደንና በኒው ዮርክ የሚሸፍነውና በጀርመን የሚሸፍነው በብዙ ሺህ ቴምብሮች የሚለያይ ሆነ። የማንኛቸው ውሳኔ ትክክል ነው ብሎ መፍረድ አስፈላጊ አይደለም፤ ሰብሳቢው የማንን ውሳኔ እንደተከተለ ማወቅና መናገር ግን ግዴታው ነው።

በዓለም ሁሉ ላይ የሚታየው ችግር በአንድ አገርም ውስጥ አለ። «ቢያንስ የአንድ አገር ቴምብር የት ተጀምሮ የት እንደሚያልቅ ግልጽ ነው» የሚሉ ሰዎች የኢትዮጵያን ቴምብር ቢመረምሩ ሐሳባቸውን ይለውጣሉ። በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ፓሪስ የታተሙትና በካታሎግ በ1894 ወይም በ1895 ሥር የሚገኙት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ሰባት ሲሆኑ፣ አራቱ አነስተኛ ዋጋ ያላቸው የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ ሦስቱ ከፍተኛዎቹ ደግሞ የይሁዳን አንበሳ ይዘዋል። ሰባቱን የያዘ ሰው ጨረስኩ ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ ከ1901 ጀምሮ በእነዚሁ ቴምብሮች ላይ በመጀመሪያ የአገሪቱ ስም በፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎም የአማርኛ ጽሑፎች፣ በኋላም አዳዲስ ዋጋዎች በእጅ ማኅተም ተመቱባቸው። በእጅ የተመታ ማኅተም ደግሞ ይጣመማል፣ ይገለበጣል፣ ሁለት ጊዜ ያርፋል፣ በቀለሙም ይለያያል፤ እያንዳንዱን ልዩነት የሚቆጥር ሰብሳቢ መጨረሻ አያገኝም፤ ሐሰተኛ ማኅተም የተመታባቸውም ስላሉ የተገኘው ሁሉ አይታመንም።

ከዚህ የሚብሰው የደብዳቤው ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ቴምብሮቿ ከድንበሯ ውጭ አያገለግሉም ነበር፤ ወደ ውጭ የሚላክ ደብዳቤ ከአገሪቱ ቴምብር በተጨማሪ በጅቡቲ በኩል ሲያልፍ የፈረንሳይ ይዞታ ቴምብር ይለጠፍበት ነበር። ስለዚህ የአፄ ምኒልክን ዘመን ፖስታ በእውነት ሊያሳይ የሚፈልግ ሰብሳቢ በኢትዮጵያ ገጽ ላይ የሌላ አገር ቴምብር ማስቀመጥ ሊኖርበት ነው። በ1936 የጣሊያን ወራሪዎች የንጉሣቸውን የቪቶሪዮ ኢማኑኤሌን ምስል አድርገው ያወጧቸው ሰባት ቴምብሮችና በ1938 የተከተሉት የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ ቴምብሮችስ የማን ናቸው? ኤርትራ ከ1893 ጀምሮ በጣሊያን ቅኝ ግዛትነት የራሷ ቴምብር ነበራት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅትና ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ አስተዳደር ጽሑፍ የታተመባቸውን የብሪታንያ ቴምብሮች ተጠቅማለች፤ በ1952 ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ ደግሞ በኢትዮጵያ ቴምብር ተገልግላለች። ካታሎጎች እነዚህን ገጾች እየከፋፈሉ በየስማቸው ያስቀምጣሉ፤ ታሪክ ግን እንደዚያ አልተከፋፈለም። የወረራውን ቴምብሮች ከአልበሙ የሚያወጣ ሰብሳቢ ለአርበኞቹ ክብር ብሎ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም በእነዚያ አምስት ዓመታት ደብዳቤ በምን ይላክ እንደነበር የሚመሰክር ማስረጃ አብሮ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ እምነት፣ ቦታቸው በዚያው በኢትዮጵያ ክፍል ውስጥ፣ የወረራ መሆናቸው በግልጽ ተጽፎ ነው።

ታዲያ «ሙሉ» የሚለው ቃል ከንቱ ነው ማለት አይደለም። አሜሪካዊው ባለሀብት ዊልያም ግሮስ ድንበራቸውን በአንድ አገርና በአንድ ክፍለ ዘመን፣ ማለትም በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ቴምብሮች ላይ አስምረው፣ ቀርቷቸው የነበረውን በ1868 የወጣ የ1 ሳንቲም ቴምብር ለማግኘት በ2005 ወደ 3 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዋጋ የነበራቸውን፣ የአውሮፕላን ሥዕል ተገልብጦ የታተመባቸውን አራት የተያያዙ ቴምብሮች ለወጡበት። የዚያ ዓይነት ቴምብር በዓለም የሚታወቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሁለተኛው የኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ንብረት በመሆኑ አይሸጥም። ድንበሩ የጠበበ ቢሆንም ሙላቱ እውነተኛ ነበር፤ ምን እንደሚገባና ምን እንደማይገባ አስቀድሞ ተወስኖ ነበርና።

ዓለምን በሙሉ መሰብሰብ የሚወዱ ሰዎች ከዚህ ውሳኔ ሊሸሹ አይችሉም፤ ግን ዓለምን መተው አይጠበቅባቸውም። ብዙዎቹ ከ1840 እስከ 1940 ያለውን አንድ መቶ ዓመት ይመርጣሉ፤ ስኮት ለዚሁ ዘመን የተለየ ካታሎግና አልበም ያሳትማል፤ ዘመኑ የተዘጋ ስለሆነ ዝርዝሩ በየዓመቱ እየሰፋ አያባርራቸውም። ሌሎች ቴምብር ካወጣ ከእያንዳንዱ መንግሥት፣ ቅኝ ግዛትና ጊዜያዊ አስተዳደር አንድ አንድ ብቻ ይይዛሉ። አልበሙ በራሱ ግን መለኪያ አይሆንም፤ ባዶ ሣጥኖቹን የሣለው አሳታሚ ውድ የሆኑትንና ንዑስ ልዩነቶችን ትቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ሣጥኑ ሁሉ የሞላበት አልበም ከካታሎጉ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ሊጎድለው ይችላል። ስለዚህ በአልበሙ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የተመረጠው ካታሎግ፣ የተወሰነው ዘመን፣ ንዑስ ቁጥሮች መቆጠር አለመቆጠራቸው፣ እንዲሁም የስሕተት ኅትመቶችና ለፖስታ አገልግሎት ያልዋሉ ቴምብሮች ያላቸው ቦታ ተለይተው ሊጻፉ ይገባል፤ ይህ ጽሑፍ ከሌለ አልበሙን የሚወርሰው ልጅም ሆነ የሚረከበው ሙዚየም ባዶውን ሣጥን አይቶ፣ ሰብሳቢው ያላገኘው ይሁን ሆን ብሎ የተወው ሊለይ አይችልም።