ቀዝቃዛ አንሶላን ዓመቱን ሙሉ እንዴት እንያዘው?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንሶላ እጥበት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችንን ከማማ ጋር ያጋጨ ነገር ነው። በሻርቅ ፎቆችም ሆነ በሰልዋ፣ በጃብሪያና በሱራ ቪላዎች ውስጥ «ሰውነት ያቀዘቅዛል» ተብሎ የሚሸጥ አንሶላ በየአልጋው ተነጥፎ እናያለን። ዋጋው ውድ ነው፤ አጠባጠቡም እንደ ተራው አንሶላ አይደለም። እንደለመድነው በሙቅ ውኃና በክሎሮክስ አጥበን፣ በማሽን አግለን ስናደርቀው ይሻክራል፣ ቢጫ ይሆናል፤ ማቀዝቀዙንም ይተዋል። ከዚያ በኋላ ቁጣው በማን ላይ እንደሚወርድ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ አስቀድሞ ማወቅ ራስን መጠበቅ ነው።

አንሶላው የሚያቀዘቅዘው እንዴት ነው?

አንሶላው እንደ ፍሪጅ ቅዝቃዜ አያመነጭም። ሰውነታችን ሲሞቀው ያልበዋል፤ ላቡ በሚተንበት ጊዜ ሙቀትን ይዞ ይሄዳል። አንሶላውም ላቡን ቶሎ መጥጦ አየር ያሳልፋል፤ ሥራው ይኸው ነው። በአገራችን ነጠላ ለምን ቀለል እንደሚለን አስቡ፤ ክሩ ሳሳ ብሎ ስለተሸመነ ነፋስ ያስገባል። እንግዲህ የጨርቁን ቀዳዳ የሚደፍን ወይም ክሩን የሚያቃጥል ነገር ሁሉ የቀዝቃዛ አንሶላ ጠላት ነው።

ጠላቶቹም አራት ናቸው፦

1ኛ. ኮምፎርትና የመሳሰለው የልብስ ማለስለሻ፦ መዓዛው ደስ ይላል፤ ነገር ግን በክሩ ላይ እንደ ቅባት ስለሚለጠፍ ጨርቁ ላብ መምጠጡን ይቀንሳል።

2ኛ. ክሎሮክስ (በረኪና)፦ ክሩን ይበላል፤ ናይለንና የሚለጠጥ ክር ያለበትን አንሶላ ደግሞ ቢጫ ያደርጋል።

3ኛ. ከፍተኛ ሙቀት፦ ውኃውም፣ ማድረቂያውም፣ ካውያውም ቢሆን። አንዳንዱ አንሶላ ሙቀት የሚመጥጥ እንደ ሰም ያለ ነገር ተቀብቶበታል፤ እርሱ በሙቀት ይጎዳል።

4ኛ. የበዛ ሳሙና፦ አረፋው ታጥቦ ካልወጣ በጨርቁ ውስጥ ይደርቅና ያደድረዋል። ከለመድነው ግማሽ ያህሉ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ምልክቱን እናንብብ

በአንሶላው ጠርዝ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ተመልከቱ። ዐረብኛ ወይም እንግሊዝኛ ማንበብ ባንችል እንኳ ሥዕሎቹ ይናገራሉ። የውኃ ሣህን ሥዕል ውስጥ አንድ ነጥብ ካለ 30 ዲግሪ፣ ሁለት ነጥብ ካለ 40 ዲግሪ ማለት ነው። የተሰረዘ ሦስት ማዕዘን «በረኪና አታድርጉ» ይላል። አራት ማዕዘን ውስጥ ያለ ክብ የማድረቂያ ማሽን ነው፤ አንድ ነጥብ ካለው በትንሽ ሙቀት፣ ከተሰረዘ ደግሞ ፈጽሞ በማሽን አይደርቅም። ከቀርከሃ የተሠራው (ባምቡ የሚሉት) አንሶላ ውኃ ሲነካው ስለሚደክም አጥብቃችሁ አትጭመቁት።

ማማ ራሷ ክሎሮክስ ወይም ኮምፎርት ጨምሪ ካለች በትሕትና ምልክቱን አሳይታችሁ እንዲህ በሉ፦ «ማማ፣ ሃዳ ሸርሸፍ ማይ ባሪድ፣ ቢዱን ክሎሮክስ፣ ቢዱን ኮምፎርት፣ ዜን?» ይህም «ይህ አንሶላ በቀዝቃዛ ውኃ፣ ያለ ክሎሮክስ፣ ያለ ኮምፎርት ነው፤ እሺ?» ማለት ነው። አስቀድሞ የተጠየቀ ሰው በኋላ «ለምን አበላሸሽ?» ለማለት ይከብደዋል።

በበጋ ቀዝቃዛ ውኃ ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። የኩዌት ቤቶች የውኃ ታንከር ጣሪያ ላይ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ከቀዝቃዛው ቧንቧ የሚወርደው ውኃ እጅ ያቃጥላል። ማሽኑን «ቀዝቃዛ» ላይ ብናደርገው እንኳ የሚገባው ያው የጋለ ውኃ ነው። ስለዚህ አንሶላውን ጎሕ ሲቀድ፣ ታንከሩ በሌሊት ከበረደ በኋላ እጠቡ። በእጅ የምታጥቡ ከሆነ ሌላ ዘዴ አለ፦ ማማን አስፈቅዳችሁ ቤት ውስጥ ያለውን ሰኻን (የውኃ ማሞቂያ) አጥፉት። ውስጡ ያለው ውኃ በቤቱ ጥላ ሲውል ይበርዳል፤ ያን ጊዜ በሙቅ ውኃው ቧንቧ የሚመጣው የተሻለ ይሆናል።

የድህን ዑድ ወይም የፀጉር ቅባት ጠብታ ካለ «ሳይደርቅ በእርጥቡ» እንደሚባለው ወዲያው ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ቀብታችሁ በጣት አሹት፤ ቆይታችሁም ከሌላው ጋር እጠቡት። ማሽኑን እስከ አፉ አትሙሉ፤ አንሶላው ለመገላበጥ ቦታ ይፈልጋል።

ዓመቱን እንከተል

በመጋቢትና በሚያዝያ አቧራው (ጡዙ) ይነሣል፤ ድንገተኛ ነጎድጓድና ዝናብም አለ። ሰማዩ ሲቀላ ውጭ አታስጡ። አቧራ የጠጣ አንሶላ ከመታጠቡ በፊት ይራገፍ፤ አለዚያ ጭቃ ይሆናል።

በበጋው ሰው ብዙ ስለሚያልበው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚታጠበው ሁለት ጊዜ ቢታጠብ መልካም ነው። አየሩ ደረቅ በሆነ ቀን አንሶላ በጥላ ሥር እንኳ ቶሎ ይደርቃል፤ የቀትር ፀሐይ ግን ክሩን ያደርቀዋል፣ ቀለሙንም ያጠፋዋል።

በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ወበቁ ይመጣል። እንደ ሻርቅ ባለ ባሕር ዳር ጨርቅ ቶሎ አይደርቅም፤ ርጥብ ሆኖ ከታጠፈም ይሸታል። በዚህ ጊዜ ማድረቂያውን በትንሹ ሙቀት ተጠቀሙ፤ ትንሽ ርጥበት ሳለበት አውጥታችሁ ቤት ውስጥ ዘርጉት። በባልኮኒ ማስጣት የማይፈቀድበት ሕንፃም ስለሚኖር ሐሪሱን ጠይቁ።

ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሌሊቱ ይበርዳልና ወፍራሙ አንሶላ ይወጣል። ቀዝቃዛውን አጥባችሁ፣ ፈጽሞ አድርቃችሁ፣ በላስቲክ ሳይሆን በጥጥ ከረጢት አስቀምጡት።

ከአንሶላው ይልቅ ሰው ይበልጣል

ሁለት ነገሮችን አደራ እንላለን።

የመጀመሪያው፦ ክሎሮክስን ከኮምጣጤ፣ ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሊገድልም ይችላል። ቢደርስባችሁ ሁሉን ትታችሁ ወደ ንጹሕ አየር ውጡ።

ሁለተኛው፦ በበጋ ቀትር ላይ ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ አታስጡ። በኩዌት ምጥሪባህ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 2016 ሙቀቱ 53.9 ዲግሪ ደርሶ ነበር። የአገሩም ደንብ ከጁን 1 እስከ ኦገስት 31፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ ከፀሐይ በታች የሚሠራ ሥራን ይከለክላል። ደንቡ የታሰበው ለግንባታና ለመሳሰሉት ሠራተኞች ነው፤ ፀሐዩ ግን ሰው አይለይም። ስለዚህ ማለዳ ወይም ከመሸ በኋላ አስጡ፤ ውኃም ጠጡ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማስመለስ ከጀመራችሁ ወዲያው ወደ ጥላ ግቡ። አንዲት እህት ንግግሯ ከተምታታ ወይም ራሷን ከሳተች ገላዋን በውኃ አርሱ፣ አራግቡላት፤ ወደ 112 ደውሉ።

በመጨረሻም ስለ ራሳችን አልጋ እናስብ። የሠራተኛ ክፍል ብዙ ጊዜ ይሞቃል። ውድ አንሶላ ባይኖረን እንኳ ስስ የጥጥ አንሶላ ያለ ኮምፎርት፣ በትንሽ ሳሙና ታጥቦ በደንብ ሲለቀለቅ ከብዙው ይሻላል። ለሌላው የምናውቀውን ለራሳችንም እናድርገው፤ ደክሞ የዋለ ሰውነት ጥሩ እንቅልፍ ይገባዋልና።

ይህን ያነበባችሁ ላላነበበች እህት ንገሩ። በሰላም ቆዩን።