የ72 ሰዓቱ ኪኒን

አዲስ አበባ ውስጥ መድኃኒት ቤት ገብታ «ፖስትፒል» ያለች ሴት ሌላ ማብራሪያ አይጠበቅባትም። ስሙ የአንድ ምርት መለያ ቢሆንም በሰው አፍ የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ሁሉ መጠሪያ ወደ መሆን ደርሷል። ኮንዶም ሲቀደድ፣ የሦስት ወሩ መርፌ ቀን ሲያልፍ፣ በየቀኑ የሚዋጠው ሲረሳ የሚታሰበው እሱ ነው።

በውስጡ ያለው ሊቮኖርጀስትረል የተባለ ሆርሞን ነው። በመደበኛ የወሊድ መከላከያዎችም ውስጥ ይገኛል፤ እዚህ ግን መጠኑ ከፍ ብሎ በአንዴ 1.5 ሚሊ ግራም ይወሰዳል። እሽጉ ባለ 0.75 ሁለት ፍሬ ከያዘ ሁለቱንም አብሮ መዋጥ ይቻላል። ሁለተኛውን ከ12 ሰዓት በኋላ መውሰድ የቀድሞ አሠራር ነው፤ ብዙዎች ሁለተኛዋን ፍሬ የሚረሱትም በዚያ መሃል ስለሆነ አብሮ መዋጡ ይሻላል።

የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። የወጣች እንቁላል ግን ከአንድ ቀን አታልፍም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ግንኙነቱ በተፈጸመበት ሰዓት ጽንስ የለም፤ ዘሩ ገና ያልወጣችውን እንቁላል እየጠበቀ ነው። ኪኒኑ የሚሠራው በዚህ ክፍተት ነው፦ እንቁላሏ እንዳትወጣ ያዘገያታል። ከወጣች በኋላ ከተወሰደ ፋይዳው እጅግ ያንሳል። እርግዝናው ከጀመረ ደግሞ ምንም አያደርግም፤ አያስወርድም፣ ጽንሱንም አይጎዳም። ማስወረጃ መስሏት በፍርሃት የምትተወው ሴት የምታጣው፣ እርግዝናው ከመፈጠሩ በፊት መከላከል የምትችልበትን ዕድል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ ባደረገው ጥናት ኪኒኑ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሲወሰድ ሊከሰት ከሚችለው እርግዝና 95 በመቶውን ተከላክሏል። በሁለተኛው ቀን 85፣ በሦስተኛው 58 በመቶ ሆኗል። እንግዲህ «እስከ ሦስት ቀን ይሠራል» የሚለው አባባል እውነትነት ቢኖረውም ያዘናጋል። ሰፈሯ ባለው ፋርማሲ የሚያውቃት ሰው እንዳይኖር ፈርታ «ነገ ሌላ ሰፈር እገዛለሁ» የምትል ልጅ ከእጇ የሚወጣው ዋናው ቀን ነው። ይህን ኀፍረት የማቅለል ኃላፊነት የእሷ ብቻ ሊሆን አይገባም። ፋርማሲስቱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁለት ጥያቄ ቢጠይቅ ብዙ ይረዳታል፦ ሌላ መድኃኒት ትወስዳለች ወይ? ግንኙነቱ ከተፈጸመ ስንት ሰዓት ሆነ?

የመጀመሪያው ጥያቄ ከባድ ምክንያት አለው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ኢፋቪሬንዝ፣ እንዲሁም አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የኪኒኑን አቅም ያዳክማሉ። እነዚህን የምትወስድ ሴት መጠኑ እጥፍ እንዲሆን ወይም ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ ሉፕ እንዲገባላት ባለሙያ ማማከር አለባት። የመዳብ ሉፕ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ ከየትኛውም ድንገተኛ መከላከያ ይበልጣል፤ ከዚያም ለዓመታት ያገለግላል። ከኪኒኑ ያነሰ ወሬ የሚሰማለት መሆኑ ያስቆጫል።

በወሰደች በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት መድገም ይኖርባታል። የወር አበባዋ ጥቂት ቀን ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል፤ ከሳምንት በላይ ከዘገየ ምርመራ ያስፈልጋል። ደጋግሞ መውሰድ መሀን አያደርግም። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ለሚፈጸም ግንኙነት መከላከያ አይሆንም፣ እንደ መርፌው ወይም በክንድ እንደሚቀበረው መከላከያም አስተማማኝ አይደለም።

ለተደፈረች ሴት ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ እሱ ደግሞ የሚሰጠው በጤና ተቋም ነው። ክሱም ምስክሩም የራሱ ጊዜ ይኖረዋል። ከጎኗ ያለች እናት፣ እህት ወይም ጓደኛ ግን መጀመሪያ ሐኪም ቤት ታድርሳት።