«ነጻ ፍጥነት» ስንት ያስከፍላል?
ኮምፒዩተርን ከተጻፈበት በላይ የማስሮጥ ሒሳብ

በኮምፒዩተር መሸጫ ሱቆች «ይኼ እኮ ኦቨርክሎክ የተደረገ ነው» የሚል አባባል መስማት እንግዳ አይደለም። ሻጭ ሲለው ዋጋ መጨመሪያ ነው፤ ገዢ ሲለው ደግሞ ዋጋ መቀነሻ። ነገሩ ምን እንደሆነ በውል ካልታወቀ ግን ሁለቱም የሚነጋገሩት በግምት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲሰላ ኪስ የሚጎዳ በመሆኑ፣ «አዲስ ከምገዛ ያለኝን ላፍጥነው» የሚል ሰው ቢበዛ አያስገርምም። ያዋጣል ወይ የሚለውን ለማወቅ ግን መጀመሪያ ምን እንደሚሸጥና ምን እንደሚገዛ ማየት ይገባል።

ፕሮሰሰር የሚሠራው በምት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ መሠረታዊ ምት አለ፤ ይህ ምት በአንድ ቁጥር እየተባዛ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ይሰጣል። በአሁኑ ጊዜ ባሉት ኮምፒዩተሮች መሠረታዊው ምት 100 ሜጋኸርዝ ነው። ማባዣው 45 ከሆነ ፕሮሰሰሩ በ4,500 ሜጋኸርዝ፣ ማለትም በ4.5 ጊጋኸርዝ ይሮጣል። ኦቨርክሎኪንግ ማለት ከእነዚህ ከሁለቱ አንዱን ፋብሪካው ከወሰነው በላይ ከፍ ማድረግ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የሚደረገውም ባዮስ በሚባለው የማዘርቦርዱ የቅንብር ገጽ ላይ ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ ሲነሳ የዲሊት ወይም የኤፍ 2 ቁልፍ በመጫን ይገባበታል።

ፋብሪካው ራሱ ለምን ከፍ አድርጎ አልሸጠውም? መልሱ ለነጋዴ አይከብድም። ቺፖች የሚመረቱት በአንድ ላይ ነው፤ ከተመረቱ በኋላ ተፈትነው እንደ ቡና በደረጃ ይለያሉ። ከፍ ያለ ፍጥነት የቻለው በውድ፣ ያልቻለው በርካሽ ይሸጣል። ነገር ግን የገበያው ፍላጎት ወደ ርካሹ ሲያዘነብል፣ ከፍ ያለውን ደረጃ የሚያልፈው ቺፕ ጭምር የርካሹ ስም ተለጥፎበት ይወጣል። የኦቨርክሎከሮች ትርፍ የሚመነጨው ከዚህ ክፍተት ነው።

የዚህ ንግድ ወርቃማ ጊዜ እ.ኤ.አ. 1998 ነበር። በዚያ ዓመት ነሐሴ ወር ኢንቴል ኩባንያ ሴሌሮን 300ኤ የተባለውን ፕሮሰሰር በ149 ዶላር የጅምላ ዋጋ ለገበያ አቀረበ። በዚያው ሰሞን የወጣው ፔንቲየም 2 ባለ 450 ሜጋኸርዝ ዋጋው 669 ዶላር ነበር። ሴሌሮኑ በ66 ሜጋኸርዝ መሠረታዊ ምት በ4.5 እየተባዛ 300 ይሰጣል። ምቱን ወደ 100 ከፍ ያደረገ ሰው ያለ ምንም ተጨማሪ ወጪ 450 ያገኛል። አቢት የተባለው የማዘርቦርድ አምራች ቢኤች 6 በተሰኘው ቦርዱ ላይ ይህን ቅንብር ከባዮስ ውስጥ በቀላሉ እንዲለወጥ አድርጎ ስለነበር ቦርዱ ከፕሮሰሰሩ ጋር እንደ ጥንድ ይፈለግ ጀመር። ባዮሱ የማይፈቅድላቸው ሰዎች ደግሞ ከፕሮሰሰሩ የመገናኛ ነጥቦች አንዱን በቀጭን ፕላስተር እየሸፈኑ ቦርዱን ያታልሉት ነበር። በ149 ዶላር የ669 ዶላር ዕቃ የሚያህል ፍጥነት! ለዚህ ነው ስሙ ዛሬም ድረስ የሚነሳው።

ነገር ግን ያ ዕድል በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አልነበረም። የማዘርቦርዱ ሌሎች መሥመሮች፣ ማለትም የዲስክና የልዩ ልዩ ካርዶች መሥመር፣ በዚያ ዘመን ምታቸውን የሚያገኙት ከዚያው ከመሠረታዊው ምት ተካፍሎ ነበር። 100 ለሦስት ሲካፈል 33 ሜጋኸርዝ ይሆናል፤ ይኸውም ለካርዶቹ የተመደበው ትክክለኛ መጠን ነው። ወደ 83 ብቻ ከፍ ያደረገ ሰው ግን ለሁለት እየተካፈለ 41.5 ያገኛል። ፕሮሰሰሩ ይህን ቢችለውም ሀርድ ዲስኩ ላይችለው ይችላል፤ ከዚያም ፋይል ይበላሻል። ብዙ የጨመረው ደኅና ሆኖ ጥቂት የጨመረው ሲከስር የታየበት እንግዳ ነገር ነው።

ሌላም ጣጣ ነበር። በ1990ዎቹ በዓለም ገበያ የርካሽ ፕሮሰሰርን ጽሑፍ ፍቆ የውዱን ቁጥር እያተሙ የሚሸጡ አጭበርባሪዎች ተበራክተው ነበር። ገዢው የገዛው ዕቃ ሳያውቀው ኦቨርክሎክ የተደረገ ነበር ማለት ነው። ኢንቴል ማባዣውን ሲቆልፍ ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ማጭበርበር ነው። ማባዣው የተከፈተ ፕሮሰሰር ለብቻው ተለይቶ በውድ መሸጥ የጀመረው ኋላ ነው። «ነጻ» የነበረው ነገር ዋጋ ወጣለት ማለት ይቻላል።

ዛሬስ?

ዛሬ በፕሮሰሰር በኩል የቀረው ትርፍ ጥቂት ነው። አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ሙቀታቸውንና የሚወስዱትን ኃይል እየለኩ ራሳቸውን ያፈጥናሉ። ኮር አይ 9-14900ኬ ከፋብሪካ እንደወጣ እስከ 6 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። በእጅ የሚጨመረው በመቶኛ ሲሰላ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው፤ የ1998ቱ 50 በመቶ የሚጠበቅበት ዘመን አልፏል።

ሁሉም ቦርድና ሁሉም ፕሮሰሰርም አይፈቅድም። በኢንቴል በኩል ማባዣው ክፍት የሆነው በስሙ መጨረሻ «ኬ» ያለበት ፕሮሰሰር ሲሆን፣ ቦርዱም በ«ዜድ» የሚጀምር (ዜድ 690፣ ዜድ 790) መሆን አለበት። በኤኤምዲ በኩል የራይዘን ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ ክፍት ናቸው፤ ቦርዱ ግን የ«ቢ» ወይም የ«ኤክስ» መደብ ሊሆን ይገባል፤ እንደ ኤ 320 እና ኤ 520 ያሉት አይፈቅዱም። አገልግለው የሚመጡት የዴል ኦፕቲፕሌክስና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒዩተሮች ባዮስ ደግሞ እንዲህ ያለ ቅንብር በአብዛኛው የለውም። እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር «ኦቨርክሎክ አድርገንልሃል» ተብሎ ተጨማሪ ዋጋ ሲጠየቅበት ገዢው ባዮሱን ከፍቶ ቅንብሩ የት እንዳለ እንዲያሳዩት ቢጠይቅ ነውር የለበትም።

እውነተኛው ጉዳይ ሜሞሪው ነው

ብዙ ገዢ ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፤ ያውም ሳይሰረቅ። ዲዲአር 4 የሆነና 3600 ተብሎ የተጻፈበት ሜሞሪ ከፍ ያለ ዋጋ ተከፍሎበት ይገዛል። ተሰክቶ ሲነሳ ግን በራሱ በ3600 አይሮጥም። ቦርዱ ለጥንቃቄ ሲል ዝቅተኛውን መደበኛ ፍጥነት፣ ለምሳሌ 2133፣ 2400 ወይም 2666 ይመርጣል። የተጻፈውን ለማግኘት ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለውን ቅንብር ማብራት ያስፈልጋል። ይህ ኢንቴል በ2007 ያስተዋወቀው ዘዴ ሲሆን፣ ለዲዲአር 5 ኤኤምዲ በ2022 ኤክስፖ የተሰኘ የራሱን አምጥቷል። ቁጥሩ፣ ጊዜውና ቮልቴጁ በሜሞሪው ላይ ቀድሞ ስለተጻፈ ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው። ይህን ሳያበራ ለዓመታት የተጠቀመ ሰው የከፈለበትን ዕቃ ከሣጥን አላወጣም።

ለማረጋገጥ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ በአንድነት ተጭነው ታስክ ማኔጀር ሲከፈት፣ በፐርፎርማንስ ሥር ሜሞሪ የሚለው ላይ ፍጥነቱ ተጽፎ ይገኛል። ሲፒዩ-ዚ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ያየ ሰው ግን 3200 የተባለውን 1600 ሆኖ ቢያገኘው ከሻጩ ጋር ጠብ አይጀምር። ዲዲአር በአንድ ምት ሁለት ጊዜ ስለሚያስተላልፍ ፕሮግራሙ ምቱን፣ ማሸጊያው ደግሞ የማስተላለፊያውን ቁጥር ነው የሚናገሩት።

በማሸጊያው ላይ «ሲኤል» ከሚል ጽሑፍ ጋር የሚታየው ቁጥርም ተረስቶ መታለፍ የለበትም። ሜሞሪው ተጠይቆ እስኪመልስ የሚወስደው የምት ብዛት ነው፤ ስለዚህ ዝቅ ሲል ይሻላል። ቁጥሩን በ2,000 አባዝቶ ለፍጥነቱ ማካፈል ጊዜውን በናኖ ሴኩንድ ይሰጣል። 3200 ባለ ሲኤል 16 የሚመልሰው በ10 ናኖ ሴኩንድ ነው። 3600 ባለ ሲኤል 18ም ያው 10 ነው። 3200 ባለ ሲኤል 22 ግን 13.75 ይፈጃል። ሁለት «3200» የተባሉ ሜሞሪዎች ዋጋቸው ቢለያይ ሻጩ እየዋሸ ላይሆን ይችላል።

ቦርዱ ግን መፍቀድ አለበት። በኢንቴል በኩል ከ2021 ወዲህ የወጡት እንደ ቢ 560፣ ቢ 660 እና ቢ 760 ያሉት ማባዣ ባይከፍቱም ሜሞሪን ያፈጥናሉ። ኤች 610 አያፈጥንም። ከዚያ በፊት በነበረው ቢ 460 ላይ የተቀመጠ ኮር አይ 5-10400 ከ2666 አያልፍም። በእነዚህ ላይ 3600 ሜሞሪ መግዛት ለሚኒባስ የእሽቅድምድም ጎማ እንደ መግዛት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ትርፍ ግን ቅንብር ሳይነካ የሚገኝ ነው። አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ከመሰካት ሁለት ባለ 8 መሰካት የሜሞሪውን መሥመር በእጥፍ ያሰፋዋል። በዲዲአር 4-3200 ላይ በሴኩንድ 25.6 ጊጋባይት የነበረው 51.2 ይሆናል። አራት መሰኪያ ባላቸው ቦርዶች ላይ ሁለቱ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር በሁለተኛውና በአራተኛው ነው። የግራፊክስ ካርድ በሌላቸው፣ እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ባሉት ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ለደብዳቤ፣ ለኤክሴልና ለኢንተርኔት ብቻ የሚፈለግ ኮምፒዩተር ግን ስለ ሜሞሪ ፍጥነት ከመጨነቅ በፊት አሮጌውን ሀርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መለወጥ ይቀድማል።

ሙቀትና መብራት

ፍጥነት ሲጨመር ቮልቴጅም መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል። ችግሩ የኃይል ፍጆታ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬው ማደጉ ነው። ፍጥነትም ቮልቴጅም 10 በመቶ ሲጨምሩ 100 ዋት የነበረው 133 ዋት ይሆናል። ትርፉ 10፣ ወጪው 33 ማለት ነው። በአብዛኛው 650 ቪኤ ተብሎ የሚሸጠው ዩፒኤስ በዋት ሲለካ ከ400 በታች ስለሆነ፣ ለተለመደው ኮምፒዩተር የበቃው ለተጋነነው ላይበቃ ይችላል።

የአዲስ አበባ ተጠቃሚ ሌላም የሚያስበው አለው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አየሩ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ በመሆኑ፣ ያው ማራገቢያ በባሕር ዳርቻ ከተማ የሚወስደውን ያህል ሙቀት አይወስድም። የአየሩ ቀዝቃዛነት ጥቂት ይክሰዋል፤ ቢሆንም ከውጭ መጽሔት የተቀዳ ቅንብር እዚህ እንደዚያው ይሠራል ብሎ መተማመን አይገባም።

ቮልቴጅ ሲበዛ የሚመጣውን ጉዳት ኩባንያዎቹም ቀምሰውታል። በ2023 አንዳንድ የራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ሶኬታቸው ላይ ተቃጥለው ተገኝተው፣ ኤክስፖ ሲበራ አንዳንድ ቦርዶች አብዝተው ይሰጡት የነበረው ቮልቴጅ ከ1.3 እንዳያልፍ ኤኤምዲ ገደብ ጣለ። በ2024 ደግሞ የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች በከፍተኛ ቮልቴጅ ምክንያት እየተጎዱ መሆናቸው ታውቆ፣ ኩባንያው የባዮስ ማስተካከያ ከማውጣቱም በላይ በካርቶን ታሽገው ለተሸጡት ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዘመ። ማስተካከያው ያልተጎዳውን ይጠብቃል እንጂ የተጎዳውን አያድንም። ስለዚህ ያገለገለ ኮር አይ 9-13900ኬ ወይም 14900ኬ የሚገዛ ሰው ባዮሱ መቼ እንደታደሰ መጠየቅ አለበት።

ዋስትናን በተመለከተ ኤኤምዲ በኦቨርክሎኪንግ የሚደርስ ጉዳት እንደማይሸፈን በግልጽ ያስታውቃል፤ ኢንቴልም ዋስትናውን ሊያሳጣ እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ኢንቴል ከ2012 ጀምሮ ተጨማሪ ለከፈለ ደንበኛ የተቃጠለውን አንድ ጊዜ የሚተካበት ዕቅድ ይሸጥ ነበር፤ በ2021 አቋርጦታል። ሻጩም ሆነ ደላላው «ዋስትና አለው» ሲል፣ ቅንብሩ ለተነካ ዕቃ ጭምር መሆኑ በደረሰኙ ላይ መጻፍ አለበት።

ለነጋዴ የሚያሰጋው ግን የሚቃጠለው ሳይሆን የማይቃጠለው ነው። የተቃጠለ ኮምፒዩተር ይታያል። ከአቅሙ በላይ የተገፋ ሜሞሪ ግን አልፎ አልፎ አንዲት ቁጥር አሳስቶ ሥራውን ይቀጥላል። በተለመደው የዴስክቶፕ ሜሞሪ ላይ በመንገድ ላይ የሚፈጠረውን ስሕተት የሚይዝ ተቆጣጣሪ የለም። የፒችትሪ ሒሳብ ወይም የደንበኞች መዝገብ የሚቀመጥበት ኮምፒዩተር ለጥቂት በመቶ ፍጥነት ሲባል እንዲህ ያለ አደጋ ላይ መጣሉ በእኛ አስተያየት ከንቱ ነው። ለጨዋታና ለቪዲዮ ማቀናበሪያ የተያዘው ይሞከርበት።

ኤክስኤምፒ ያበራም ሆነ ያገለገለ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው ሜምቴስት 86 የተባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ጭኖ፣ ኮምፒዩተሩን ከፍላሹ አስነስቶ አራቱንም ዙር ያስጨርስ። ሰዓታት ይፈጃል፤ ስለዚህ ማታ ተጀምሮ ጠዋት ይታያል። አንዲት ስሕተት እንኳ ከተገኘች ፍጥነቱ አንድ ደረጃ ዝቅ ይደረግና እንደገና ይፈተን። በመደበኛው ፍጥነትም ስሕተት ካሳየ ሜሞሪው ይመለስ። ቅንብር ተለውጦ ኮምፒዩተሩ ጨርሶ አልነሳ ካለም ለጠጋኝ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ከመብራት ነቅሎ፣ ቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር 2032 የተባለች ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቶ መመለስ ነው፤ ባዮሱ ወደ ፋብሪካው ቅንብር ይመለሳል።