ከግቢው በር ወዲያ

በአዲስ አበባ፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሳይክል የሚለመደው በብሎኮች መካከል ነው። የራሱ ሳይክል ያለው ልጅ ጥቂት ነው፤ ሌላው ከጓደኛ ይዋሳል፣ ወይም በደቂቃ ይከራያል። አንዱ ከኋላ ኮርቻውን ይይዛል፣ ሌላው እየወደቀ ሚዛኑን ይማራል። እስከ አሥር ዓመት ገደማ ወንድና ሴት አብረው ይነዳሉ፣ በተራም ይጣላሉ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ሲሞላ ግን ወንዱ በግቢው በር ወጥቶ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ መንዳት ይጀምራል፤ ሴቷ ከሳይክሉ ጭራሽ ትወርዳለች።

ለምን ተወችው ሲባል መልሱ «ፍላጎቷ ጠፋ» ነው። በእኔ ግምት ፍላጎት መጨረሻ ላይ የሚጠፋ ነገር ነው።

አስቀድሞ የሚመጣው፣ በግልጽ ግን የማይነገረው፣ የድንግልና ጉዳይ ነው፤ ሳይክል ድንግልናን ያጠፋል የሚል ስጋት። እናት ወይም አክስት «ለሴት ልጅ ጥሩ አይደለም» ብለው ያልፉታል፤ ልጅቷም ምን ለማለት እንደፈለጉ አትጠይቅም፤ ከድምፃቸው ትረዳዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮና ዩኤን ዊመን በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. በጋራ ባወጡት መግለጫ፣ የድንግልና ምርመራ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው አስታውቀው እንዲቀር ጠይቀዋል። የድንግልና ምልክት የሚባለው ስሱ ሽፋን አፈጣጠር ከሴት ሴት ይለያያል፤ እሱን አይቶ ስለ ልጅቷ ያለፈ ሕይወት ምንም ማወቅ አይቻልም። ሳይክል አጠፋው የሚባለው ማስረጃ እንግዲህ ከመነሻው ማስረጃ አልነበረም። ሴት ሳይክል ስትነዳ የሚነሳውን ስጋት የእኛ ብቻ ማድረግም አይገባም። በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. በአውሮፓና በአሜሪካ ብስክሌት የሴትን ፊት ያበላሻል ብለው የሚያስጠነቅቁ ሐኪሞች ነበሩ፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ደግሞ ሴቶች ብስክሌት እንዲነዱ የተፈቀደው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፣ ያውም በመናፈሻ ቦታዎች፣ ከወንድ ዘመድ ጋር።

ሁለተኛው ለከፋ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ እስከ ባቡር ጣቢያው በእግሯ የምትሄድ ልጅ የምትሰማውን የአዲስ አበባ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ሳይክል ላይ ስትሆን ዓይኑም ቃሉም ይበዛል። ወላጅ «መኪናው ያስፈራል» ሲል አይዋሽም፤ ታክሲና አውቶብስ በሚጋፉበት መንገድ ዳር መንዳት በእርግጥ አደገኛ ነው። ነገር ግን በዚያው መንገድ ለወንድሟ «ተጠንቅቀህ ሂድ» ብቻ ይበቃዋል።

የሥራ ክፍፍሉም አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያመዝነው ይኸኛው ነው። ወንዱ ልጅ ሳይክሉን ከጨዋታ ወደ ጥቅም ያሻግረዋል፤ ሱቅ ይላክበታል፣ ጓደኛ ዘንድ ይሄድበታል፣ ሲጎለምስ ዕቃ አድርሶ ሳንቲም ያገኝበታል። የሴቷ ሥራ በዚያው ዕድሜ የሚጨምረው ቤት ውስጥ ነው፤ ሽንኩርት መላጥ፣ ዕቃ ማጠብ፣ ታናናሾቿን መያዝ፣ እንግዳ ሲመጣ ቡና ማፍላት። ለዚህ ሁሉ ሳይክል አያስፈልግም። የዩኒፎርም ቀሚሱ፣ የሳይክሉ አግድም ብረትና የወር አበባው ጭንቀት ሲታከልበት፣ መውረድ ብልህነት ይመስላል።

ጉዳዩ ከብስክሌትም ይሰፋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ከሆኑ ታዳጊዎች በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉት ሴቶች 85 በመቶ፣ ወንዶች 78 በመቶ ናቸው። የሴት ተፈጥሮ ነው እንዳይባል ኔዘርላንድ አለች፤ እዚያ ሴቶች ብስክሌት የሚነዱት ከወንዶች በላይ እንጂ በታች አይደለም። የሕንዷ ቢሃር ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ትቀርባለች። የግዛቱ መንግሥት ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዘጠነኛ ክፍል ለገቡ ሴቶች የሳይክል መግዣ ገንዘብ ሰጠ። ተመራማሪዎቹ ካርቲክ ሙራሊድሃራንና ኒሺት ፕራካሽ እንዳጠኑት የሴቶቹ የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ በ32 በመቶ አደገ። ቁም ነገሩ ገንዘቡ ብቻ አይመስለኝም፤ ሳይክሉ ትምህርት ቤት መሄጃ ሆነ፣ ልጆቹም በርክተው ወጡ። ብቻዋን የምትነዳ ሴት ትታያለች፣ ይወራባታል፤ ሃያ ሆነው ሲሄዱ ተማሪዎች ናቸው።

በእኛም አገር ብስክሌት የነዳች ሴት ጠፍታ አይደለም። በትግራይ ያደገችው ሰላም አምሃ በቶኪዮ ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ ተወዳድራለች፤ ከዚያው የመጣችው እየሩ ገብሩ በ2024 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ኦሊምፒክ ለስደተኞች ቡድን ተወዳድራለች። መቀሌ ላይ ውድድር በየመንገዱ ይታይ ስለነበር ልጅቷ የምታየው ምሳሌ ነበራት። በአዲስ አበባ ግን፣ በብስክሌት የሚደረግ ጉዞ ከመቶ አንድ እንኳ በማይሞላበት ከተማ፣ ያውም በዳገት ላይ፣ ምሳሌ መፈለግ ይከብዳል።

ከተማው ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተጀምሮ በተመረጡ እሑዶች አስፋልቱ ለእግረኛና ለሳይክል ተለቀቀ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ደግሞ ለብስክሌት የተለየ መስመር ይዞ መጣ። ጥሩ ነው። ግን መስመሩ ጋ ለመድረስ መጀመሪያ ሳይክሉን ደረጃ ለደረጃ ተሸክሞ ማውረድ፣ ከዚያም በግቢው በር ማለፍ አለ።

ግቢውም ራሱ እየጠበበ ነው። ልጆቹ የሚለምዱበት ክፍት ቦታ ላይ የነዋሪው መኪና ይቆማል። ሳይክል በነዋሪዎች ኮሚቴ ስብሰባ የሚነሳው ብዙውን ጊዜ መኪና ተጫረ ተብሎ፣ በክስ መልክ ነው፤ ሴቶቹ ልጆች ለምን እንደወረዱ በአጀንዳ ተይዞ አያውቅም።