ያውቁ ኖሯል? የማርች ማዕበል ከመኪና ሊቀድም ይችላል
በመካከለኛው አሜሪካ ሜዳማ ግዛቶች ቶርኔዶ ለማየትና ለመቅረጽ ማዕበል እየተከተሉ የሚነዱ ሰዎች አሉ። የቶርኔዶ ወቅት ገና ሲጀምር፣ በማርች ወር፣ የሚነሳው ማዕበል በሰዓት ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሊጓዝ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? በገጠር መንገድ የሚከተለው መኪና አንዴ ከተቀደመ መልሶ መድረሱ ይከብደዋል።

ምክንያቱ በከፍታ የሚነፍሰው ብርቱ የአየር ጅረት ነው፤ በዚያ ወቅት ገና ጉልበቱ አልላላም። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1925 ሚዙሪን፣ ኢሊኖይንና ኢንዲያናን ያቋረጠው ቶርኔዶ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘው በ3 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነበር። 695 ሰዎች ሞተዋል።

ልምድ ያላቸው ማዕበል ተከታታዮች ጠዋት መጀመሪያ የሚያዩት ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣውን እርጥበት ነው፤ የጤዛ ነጥቡ፣ ማለትም በአየሩ ያለው እርጥበት ጤዛ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት፣ ወደ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ከተጠጋ ለመነሳት ያስባሉ። እርጥበቱ ሞልቶም ቢሆን ከላይ ሞቃት የአየር ንጣፍ ከተዘረጋ፣ ከሰዓት በኋላ እንደ አበባ ጎመን ሽቅብ መፍካት የጀመረው ደመና አናቱ ተበትኖ ይጠፋል። ቀኑም አጭር ነው። ማዕበሉ አመሻሽ ላይ ከተነሳ ብዙዎቹ ከቤት አይወጡም፤ ደግ ያደርጋሉ፣ በጨለማ ቶርኔዶውን የሚያሳየው መብረቅ ብቻ ነውና።