ያውቁ ኖሯል? ሊኑክስ ወላይትኛ ያውቃል፣ ፍላሽዎን ግን አይፈትሽም

ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር የቀንና የወር ስሞችን በወላይትኛ ማሳየት ይችላል። የግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ያዘጋጀው የወላይትኛ ፋይል ጂሊብሲ በተባለው የሥርዓቱ መሠረት ውስጥ ተካቷል። ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው።

ሰነድ ፍለጋ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሶዶ ያለ አንድ ቢሮ ፋይሎቹን በውጫዊ ዲስክ ያስቀምጣል እንበል። «ሎኬት» የተባለው ትእዛዝ ዲስኩን ራሱን አያስስም፤ በቀን አንዴ የሚታደስ ማውጫ ያነባል። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ማውጫውን የሚሠራው «አፕዴትዲቢ» ደግሞ ፍላሽና ውጫዊ ዲስክ የሚከፈቱበትን «ሚዲያ» ፎልደር ሆን ብሎ ይዘላል። ኤንኤፍኤስን የመሰሉ የኔትወርክ ዲስኮችንም አይነካም፤ ይህ ተገቢ ነው፣ የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ ሰርቨሩን በየቀኑ ቢያስሱት ይጨናነቃልና።

ብዙዎችን የሚያደናግረው ሌላ ነው። ዲስኩን አንድን ፎልደር በሌላ ቦታም በሚከፍተው «ባይንድ ማውንት» ወደ ሆም ፎልደርዎ ቢያመጡትም ፍለጋው ባዶ ይመለሳል፤ እንዲህ የተደገሙ መግቢያዎችም በነባሪው ይዘለላሉና። ቢቲአርኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ንዑስ ክፍሎችም አንዳንዴ ይኸው ዕጣ ይደርሳቸዋል።

መፍትሔው «ኢቲሲ» ውስጥ ያለው የአፕዴትዲቢ ኮንፍ ፋይል ነው። «ሚዲያ»ን ከሚዘለሉት ዝርዝር ያውጡ፤ ወይም የባይንድ ማውንቱን መስመር «ኖ» ያድርጉት። ከዚያ አፕዴትዲቢን በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ያስኬዱ።

በአማርኛ ሲፈልጉም ይጠንቀቁ፦ ሎኬት «ሰ»ንና «ሠ»ን እንደተለያዩ ፊደላት ስለሚቆጥር፣ «ስራ» ብለው ሲፈልጉ «ሥራ» ተብሎ የተቀመጠው ፋይል አይመጣልዎትም።