በስሕተት የፈሰሰ ደም

ነሐሴ 23 ቀን 2013 ዓመተ ምሕረት የአሜሪካ ሠራዊት ያለ ነጂ ከሚበር አይሮፕላን በካቡል ከተማ በተኰሰው ሚሳይል 10 ሰላማውያን ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚሁም 7ቱ ሕፃናት ነበሩ። አዛዦቹ ከ3 ቀን በፊት በአይሮፕላን ጣቢያው በር በቦምብ የደረሰውን ፍጅት አይተው ነበርና፥ ሌላ አጥፊ መስሏቸው አንዱን መኪና 8 ሰዓት ያህል ከሰማይ ሲከታተሉት ዋሉ። ፈንጂ ነው የተባለው ጭነት የውሃ ጀሪካን ነበር፤ ሰውዬውም የርዳታ ማኅበር ሠራተኛ ነበረ። መስከረም 7 ቀን 2014 የጦር አዛዡ ስሕተት መሆኑን አመኑ።

እንግዲህ አንዱ አየሁ፥ አንዱ መሰለኝ፥ አንዱም ታዘዝሁ ቢል ደሙ በማን ይቈጠራል? በኦሪት ሕግ ሳያውቅ የገደለ ሰው እንኳ፥ ከሞት ቢድን፥ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከመማፀኛው ከተማ እንዳይወጣ ታዝዞ ነበር። የካቡሉ ነገር ግን በታኅሣሥ 2014 ሲታይ፥ ከአዛዥም ከተኳሽም አንድ ሰው አይቀጣም ተብሎ ተወሰነ።